እምምታው የማን ነው?

የስልክ ኦፕሬተር ጡረታ ስትወጣ ወንበሯን ለሌላ ትለቃለች፣ ማዳመጫውንም ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ጆሮሽን ግን አስቀምጠሽ ሂጂ የሚላት የለም። የኛዋም ኦፕሬተር ከመሥሪያ ቤቷ ይዛ የወጣችው ትልቁ ንብረት ጆሮዋ ነበር። ሰው "ሃሎ" ሲል ብቻ ሰምታ ደዋዩ ያኮረፈ ይሁን፣ የሰከረ ይሁን፣ ወይም ሊዋሽ የተዘጋጀ ይሁን ትለየው ነበር። መስመር ሲበላሽ ቴክኒሻኖቹ ዕቃቸውን ሳያወጡ መጀመሪያ እሷ ጋ ይመጣሉ፤ እሷም ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታዳምጥና "ውሃ ገብቶበታል" ወይም "ከሌላ መስመር ጋር ተነካክቷል" ትላቸዋለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ እኛ እዚያ ስላልነበርን ዝም ብለን እንመናት።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። የዚያን ጊዜ አውቶቡስ ሞተሩ ከሹፌሩ ጎን እንደ ነዝናዛ ዘመድ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት ይውላል። ስለዚህ ሹፌሩ ጡረታ ሳይወጣ ጆሮው ቀድሞት ጡረታ ወጣ። በር ሲንኳኳ አይሰማም፣ ድስት ሲገነፍል አይሰማም፣ የጓሮው ቧንቧ ሲፈስ ቢያድር አይሰማም። ቤቱ ግን በዚህ ተቸግሮ አያውቅም፤ እሷ ለሁለት ትሰማለች። እንግዳ ሲመጣ አጠገቡ ቁጭ ትልና የተባለውን ፊቷን ወደ እሱ መልሳ፣ አፏን ከፈት እያደረገች፣ አሳጥራ ትነግረዋለች። እንግዳው ሲያንዛዛ የቆየውን "ልጁ ታሞ ነበር፣ ድኗል" ብላ ትገላግለዋለች። ሹፌሩ እንዲያውም ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ እሰማለሁ ብሎ ያምናል። ገለባው ተነፍቶ ፍሬው ብቻ ነውና የሚደርሰው፣ አልተሳሳተም።

አንዱ ጭራሽ በማይሰማበት፣ አንዷ ደግሞ አብዝታ በምትሰማበት ቤት ውስጥ ትልቅ የሙዚቃ ማጫወቻ ማስገባት የማን ሐሳብ ነው ካላችሁ፣ የልጃቸው ነው። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ በዚህ ዓለም ላይ መድኃኒት የሌለው ነገር ያለ አይመስላትም። የወላጆቿ ቤት ጭር አለባት፣ ስለዚህ አንድ አምፕሊፋየርና የሰው ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አስጭና መጣች። "እማዬ ዘፈኗን ትሰማለች፣ አባዬም ከፍ ሲል ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል" አለች። ሽቦው ተሰካካ፣ ቁልፉ ተጫነ፣ ትንሽዋ ቀይ መብራት በራች።

ኦፕሬተሯ እጇን ወደ ላይ አነሳች። "ቆዩ እስቲ። ይሄ ምንድነው?"

"ምኑ?" አለች ልጅቷ።

"እምምምም የሚለው።" ድምፁን ከደረቷ ስር ወፍራም አድርጋ አወጣችው። "ዘፈን አልከፈትሽም፣ ቁልፉን ወደ ዜሮ መልሰሽዋል። እሱ ግን እምምም ይላል።"

ልጅቷ አንገቷን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አደረገች። ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዋ ውስጥ ዘፈን ወትፋ የምትውል ልጅ ናት፤ ከእንጨት መሰንጠቂያ ያነሰ ድምፅ ድምፅ አይመስላትም። "ምንም የለም እማዬ" አለች። ከዚያ ፋርማሲ ውስጥ ለአሮጊቶች የምታወጣትን ለስለስ ያለች ድምፅ አወጣች። "የጆሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልያዝልሽ? ዕድሜ ሲገፋ እኮ ጆሮ ራሱ እንዲህ የሚልበት ጊዜ አለ።"

የኦፕሬተሯ ደም ፈላ። "የኔን ጆሮ ነው?" አለች። "የኔን?"

"ክፉ አልተናገርኩም እኮ።"

"እንግዲያው ስሚኝ። እምምታው ከዚህ ዕቃ ከሆነ፣ በዚህ ቤት ውስጥ የጆሮዬን ስም ሁለተኛ የሚያነሳ እንዳይኖር። ከኔ ከሆነ ደግሞ አንድ ቃል ሳልናገር የወሰድሽኝ ሐኪም ቤት ሄጄ እቀመጣለሁ።"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቷል። ስለ ራሷ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የሚሠራ ጆሮ የእሷው ብቻ ነው። እሱ ከሄደ በሩ ሲንኳኳ ማን ሊከፍት ነው? እንግዳው ያለውን ለሹፌሩ ማን ሊነግረው ነው? ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው "ምን አልክ?" "ምን አልሽ?" ሲባባሉ ታያት። ሹፌሩን ዞር ብላ "አንተስ ይሰማሃል?" ስትለው፣ ቅን ሰው ነውና "እኔ ምን ሰምቼ አውቃለሁ" አላት።

በማግስቱ ቤቱን እንደ ስልክ ቤት ታስተዳድረው ጀመር። የተበላሸ መስመር የሚገኘው ጤነኛውን አንድ በአንድ እየነቀሉ ነው፤ የምታውቀው ዘዴ ይሄ ነው። ሹፌሩን በረንዳ ላይ ካለው ቆጣሪ ስር አቆመችው። ልጅቷን ፍሪጁ ጋ መደበቻት። ራሷ ስፒከሮቹ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ትእዛዝ ስለማይሰማ በመስኮት ፎጣ ይውለበለብለታል፦ ነጩ ፎጣ አጥፋ፣ ሰማያዊው አብራ። ችግሩ ሹፌሩ ለብዙ ዓመት ለትራፊክ ፖሊስ ታዞ የኖረ ሰው ነው፤ የሚወዛወዝ ነገር ሲያይ እጁ ከአእምሮው ቀድሞ ይሄዳል። ልጅቷ ፊቷን ያበሰችበትን ፎጣ አይቶ የሰፈሩን ሰው የሚያስደነግጥ ብልጭታ አወጣ።

ፍሪጁ ተነቀለ፣ ወተቱ ተበላሸ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል ተብሎ ተባረረና አልጋ ስር ገባ። ነጠላ ጫማ ተከለከለ፤ ሁሉም በባዶ እግሩ ሆነ። የእምምታው ነገር ግን ወይ ፍንክች።

ከዚያ ነገሩ አጥር ተሻገረ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሥራው ደስ ሲለው ሳያውቀው እምምም የሚል ሰው። ኦፕሬተሯ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሻግራ ያዘችው።

"እንዴት አደርክ? አንተ ሰውዬ፣ እምምታህን አቁምልኝ።"

"የምን እምምታ እትዬ?"

"ስትሰፋ የምትለውን።"

"እኔ ስሰፋ ምን እላለሁ?"

ሚስቱ ከውስጥ "ትላለህ!" ብላ ጮኸች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነገር ያን ዕለት ነው የተረዳው። ለጎረቤት ክብር ብሎ አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ሊሰፋ ሞከረ፤ ሱሪው አንዱ እግር አጭር ሆኖ ወጣ። ደንበኛው መጥቶ ሲጮህ ኦፕሬተሯ ስፒከሮቿ መሐል ሆና ሰማች፤ እምምታው አሁንም አለ። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ነፃ ነው ተባለ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ እምምም ሲል ራሱን ስለሚሰማ፣ እንደ ድሮው ሳያስበው ሊሰፋ አልቻለም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ድምፅ ይሰጥበታል። "ይሰማል ወይስ አይሰማም?" እንግዶቹ የጨዋ ልጆች ናቸው፤ ኦፕሬተሯ ስታያቸው ይሰማል ይላሉ፣ ልጅቷ ስታያቸው አይሰማም ይላሉ፤ ሁለቱም ሲያዩዋቸው ውሃ ይለምናሉ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ሹፌሩ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ የአምፕሊፋየሩን ብረት አቧራ በመዳፉ ሲጠርግ ኦፕሬተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"አትንቀሳቀስ!"

አልሰማም፤ ተንቀሳቀሰ። ሮጣ ሄዳ እጁን ይዛ መልሳ ብረቱ ላይ ለጠፈችው። "ቀነሰ!" አለች። አነሳችው፤ ጨመረ። ለጠፈችው፤ ቀነሰ። ደስታዋ ቅጥ አጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹፌሩ ሥራ ያዘ። የምትወደው የሬዲዮ ድራማ ሲደርስ በርጩማውን ስቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ መዳፉን አምፕሊፋየሩ ላይ ጭኖ ይቀመጣል። አንዲት ቃል አይሰማም። መዳፉን እንደ ጉንዳን ትንሽ ትንሽ ነዘር ነዘር ያደርገዋል፣ እሱን ደግሞ ድራማው ይመስለዋል። እሷ በየመሐሉ "ልጅቷ ከቤት ወጣች" "አባቷ ተቆጣ" እያለች ትነግረዋለች። እውነቱን ለመናገር ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም። የሚፈለግ ሰው መሆን ናፍቆት ኖሯል።

"ጠፋልሽ?" ይላታል።

"ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።"

ሁለት እጁን ቢጭንም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ግንባሩን ቢያስጠጋም እንደዚያው ነው። በመጨረሻ እግሩ እርጥብ ቢሆን ይሻል ይሆናል አለና የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልቶ እግሩን ነከረ። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ያየችው ይህንን ነው፦ አባቷ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሁለት እጁን ኮረንቲ የሚሄድበት ብረት ላይ ጭኖ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል፤ እናቷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና "ትንሽ ወደ ግራ" ትላለች። የልጅቷን ጩኸት ሹፌሩም ሰማው ይባላል።

የመብራት ሠራተኛው የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሰፈሩ "ጨለማው" ይለዋል፤ የገባበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው መብራት ማጥፋት ነውና። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሹፌሩን ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና ዕቃውን እንኳ ሳያስቀምጥ ተናገረ።

"አባባ፣ መጀመሪያ ከውሃው ይውጡ። ቀስ ብለው። ብረቱን ይልቀቁ።"

ኦፕሬተሯ "ውጣ ይልሃል" አለችው። ሹፌሩ ቅር እያለው ወጣ።

ጨለማው ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ትንሽ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። "አለ" አለ። "እምምም ይላል።"

ኦፕሬተሯ ልጇን ብቻ አየቻት። ልጅቷም ጆሮዋን እንደ እሱ ለጠፈችና ዓይኗ ፈጠጠ። "ውይ እማዬ" አለች። "ለካ እውነትሽን ነው!" ኦፕሬተሯ የዚያን ሰዓት እንደ አዲስ ሙሽራ አማረባት። ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመ ድንጋይ የተነሳላት ያህል ተነፈሰች፣ ወንበር አመጣች፣ ጨለማውን "አረፍ በል የኔ ልጅ" አለችው። ጨለማው ግን የሚያርፍ ሰው አይደለም፤ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እየፈታ የኮረንቲ መፈተሻ ቴስተሩን ይሰካል፣ ይነቅላል።

"እማማ፣ ይህችን ሦስተኛዋን ሽቦ ያዩዋታል? የመሬት ሽቦ ናት። የባዘነ ኮረንቲ ሲኖር በሷ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል። የእናንተ ቤት ግን መውረጃ አጥቷል። መውረጃ ሲያጣ ብረቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ስፒከሩ ውስጥም ገብቶ ይህንን ያሰማችኋል። አባባ በእጃቸው ሲነኩት የቀነሰው በሳቸው አድርጎ ስለሚወርድ ነው። በሕይወት መኖራቸው ራሱ ይገርማል።"

"በኔ አድርጎ?" አለ ሹፌሩ፣ ሲነገረው። ትንሽ ኮራ።

ሽቦዋ የት እንደምትሄድ ለማየት ተከትለዋት ወጡ። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ወጣች፣ በአሸንዳው ስር አለፈች፣ ጓሮውን አቋረጠች፣ ሄዳ ሄዳ የልብስ ማስጫው የብረት ምሰሶ ላይ ተጠምጥማ ቆመች። ጨለማው "መልካም" ብሎ ወደ ምሰሶው እግር ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

ምሰሶው የቆመው መሬት ውስጥ አይደለም። ሲሚንቶ የተሞላ የላስቲክ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው።

"ይህንን ማን ነው እዚህ ውስጥ የተከለው?"

ኦፕሬተሯ ጥያቄውን ለሹፌሩ አስተላለፈች። "እኔ ነኛ!" አለ በኩራት። ነገሩ እንዲህ ነው። ኦፕሬተሯ አንድ ጊዜ ልብስ እያሰጣች፣ ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ ወደ ወዲያኛው ጥግ ስለምትሄድ ልብሱ አይደርቅልኝም ብላ አጉረመረመች። ሹፌሩ ይህችን ነገር ከፊቷ ላይ አነበበና ምሰሶውን ከመሬት ነቅሎ ባልዲ ውስጥ ተከለው፤ ፀሐይዋን እየተከተለ ይገፋዋል። ምሰሶው ላይ ሽቦ ታስሮ አገኘ። ሌባ ምሰሶውን እንዳይወስደው ያሰሩት መሰለው። አስተዋይ ሰው ነውና አልቆረጠውም። ጓሮውን ሁሉ እንዲያዳርስ ሌላ ሽቦ ቀጠለበት።

"ደግሞ አጥብቄ ነው የቀጠልኩት" አለ።

ጨለማው አልሳቀም። ምናልባት በሙያው ብዙ አይቷል። "የዚህ ቤት መሬት ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ነዋ የኖረው" ብሎ ብቻ ተናገረና የመዳብ ዘንግ ከመኪናው አመጣ። ጓሮው ድንጋይ ነው። ሹፌሩ ዶማ አነሳ፣ ልብስ ሰፊውም አጥሩን ዞሮ መጣና መዶሻ ተቀበለ፤ እምምታው ካልጠፋ የሱም ሰላም አይመለስምና ከሁሉ የበለጠ እሱ ደከመ። ዘንጉ ገባ፣ ሽቦው ተሰቀለበት፣ ዙሪያው በውሃ ራሰ። ሁሉም ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ሳሎን ገቡና ስፒከሮቹ ፊት ቆሙ። ጨለማው መብራቱን መለሰ፣ ቀይዋ መብራት በራች።

ጸጥ አለ።

ጨለማው ጆሮውን ለጠፈ። "የለም።" ልጅቷ ለጠፈች። "የለም! እማዬ፣ ጠፋ!" ልብስ ሰፊው ለጠፈና ደስታውን መቋቋም አቅቶት አጨበጨበ። ልጅቷ እናቷን አንገቷን አቀፈቻት። "ይቅር በይኝ እማዬ፣ የጆሮሽን ስም ሁለተኛ አላነሳም። አሸነፍሽ።"

ኦፕሬተሯ እምምታውን እየሰማች ነበር።

ራሱ ነው፤ ያው ወፍራሙ። ትንሽ ቀጠን ብሏል እንጂ አልጠፋም። መጀመሪያ ከቀኙ ስፒከር መሰላት፤ ወደ ግራው ዞረች፣ ግራ ላይም አለ። ውሃ ላምጣላችሁ ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ ተከትሏት ገባ። ፍሪጁ እንደ ተነቀለ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ እሱ ግን እምምም ይላል። ለካ ሁለት ኖረዋል። አንዱን ጨለማው ቀበረው፣ ሁለተኛውን ይዛው ነው የምትዞረው። ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ ደረደረች። አሸንፋለች ተብሏል፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዝም ብትል ደግሞ ይኸ ነገር ቀስ እያለ በሩን ይሸፍናል፣ ስልኩን ይሸፍናል፣ እንግዳውን ይሸፍናል፤ ሹፌሩም አንድ ቀን ፊቷን እያየ የተባለውን ቢጠብቅ ምንም አይመጣለትም። አለቀሰች ማለት አይቻልም፤ ግን ብዙ አልቀራትም። ከዚያ ፊቷን አስተካክላ ትሪውን ይዛ ወጣች።

ፊቷን ያስተካከለችው ለሌሎቹ ነው። ሹፌሩ ግን ዓለሙን ሁሉ ሲሰማ የኖረው በዚያ ፊት ነው። ብርጭቆ ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ አያትና እጁን መለሰ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አልጠፋም!" አለ፣ ጆሮ የሌለው ሰው እንደሚናገረው ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ። "እኔ ይሰማኛል!"

ሁሉም ዞረው አዩት። ልብስ ሰፊው ማጨብጨቡን አቆመ።

"አባዬ?" አለች ልጅቷ። "አንተ?"

"ይሰማኛል አልኩ! እናንተ ጆሮ የላችሁም። ማነህ አንተ ረጅሙ፣ ዕቃህን አትሰብስብ። ገና ነው።"

ጨለማው ካቻቪቴውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሥራውን እንደሚያከብር ሰው ጠየቀ። "ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰማዎት አባባ?"

ሹፌሩ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። እሷ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነገረችው። "ምን ዓይነት ድምፅ ነው ይልሃል።"

ሹፌሩ ጨነቀው። ዓይኑ ስፒከሮቹ ላይ ተንከራተተ። ከዚያ አገጩን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አደረገና፣ ገና ከእንቁላል እንደወጣ ጫጩት በቀጭኑ፣ "ጢዊዊዊዊዊ" አለ።

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ጨለማው ሹፌሩን አየ፣ ኦፕሬተሯን አየ። "እማማ፣ እርስዎም የሚሰማዎት እሱ ነው?"

ኦፕሬተሯ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሄዳ ከሹፌሩ ጎን ቆመች፣ ጭቃ የነካ እጁን ያዘች።

"ራሱ ነው" አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ቀጠሮውን ለሁለታችን ያዢልን።"